የሰደቃ ትርጉም በአቡ በክር አስ-ሲዲቅ ሕይወት

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላምም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

አንባቢ ወንድሜ ሆይ! ሰደቃ የሚለውን ቃል ስትሰማ በለማኝ እጅ ላይ የምትወድቅ ሳንቲም ብቻ አትምሰልህ። ይህ የዐረብኛ ቃል ሲድቅ ከሚለው ሥር የወጣ ነው፤ ሲድቅም እውነት ማለት ነው። ሰጪው በአንደበቱ የመሰከረውን እምነት በገንዘቡ እውነት ያደርገዋልና ስጦታው ሰደቃ ተባለ። የአቡ በክር መጠሪያ የሆነው አስ-ሲዲቅም የዚሁ ሥር ቅርንጫፍ ነው። እንግዲህ የቃሉን ትርጉም የምትሻ ከሆነ የኚህን ሰው ሕይወት ተመልከት።

አቡ በክር (ረ.ዐ.) በመካ ከቁረይሽ ነገድ፣ ከበኑ ተይም ወገን የተወለዱ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ኢስላምን በተቀበሉ ጊዜ 40,000 ድርሃም እንደ ነበራቸው ይነገራል። በዚህም ገንዘብ ስለ እምነታቸው የሚሠቃዩትን ባሮች እየገዙ ነጻ ያወጡ ነበር፤ ከነዚህም አንዱ በጋለ አሸዋ ላይ ተጥለው በደረታቸው ድንጋይ ይጫንባቸው የነበሩት ሐበሻዊው ቢላል (ረ.ዐ.) ናቸው። አባታቸው አቡ ቁሓፋ ግን፣ ነጻ ማውጣቱ ካልቀረ በክፉ ቀን የሚከላከሉለትን ብርቱ ወንዶች እንዲመርጥ ልጃቸውን መከሩ። አቡ በክርም የሚሹት የአላህን ውዴታ እንጂ የሰውን ውለታ እንዳልሆነ አስረዱ። ስለዚህ ብድር ከማይመልስ ሰው ብድርን አለመጠበቅ የሰደቃ የመጀመሪያ ትርጉሙ ነው።

በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ (630 እ.ኤ.አ.) ለተቡክ ዘመቻ ስንቅ በተሰበሰበ ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ.) የገንዘባቸውን እኩሌታ ይዘው መጡ፤ አቡ በክር ግን ያላቸውን ሁሉ አቀረቡ፤ ለቤተ ሰባቸውም አላህንና መልክተኛውን እንደ ተዉላቸው ተናገሩ።

ሆኖም ወንድሜ ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ የከበደው ፈተና ሌላ ነው። ሚስጠሕ የተባሉ ድኻ ዘመዳቸውን አቡ በክር ይቀልቡ ነበር። በ5ኛው ወይም በ6ኛው ዓመተ ሒጅራ በልጃቸው በእናታችን በዓኢሻ (ረ.ዐ.) ላይ የሐሰት ወሬ በተነዛ ጊዜ፣ ሚስጠሕም ወሬውን ካስተጋቡት መካከል ተገኙ። ንጽሕናዋ በቁርኣን ከተመሰከረ በኋላ አባት በቁጣ ዳግመኛ ላይሰጧቸው ማሉ። በዚህ ጊዜ በሱረቱን-ኑር፣ ባለ ሀብቶች ለዘመድና ለድኻ መስጠትን በመሐላ እንዳይከለክሉ፣ ይልቁንም ይቅር እንዲሉ የሚያዝ አንቀጽ ወረደ። አቡ በክርም የአላህን ምሕረት መረጡ፤ ቀለቡንም መለሱ፤ ከቶም እንዳያቋርጡት ቃል ገቡ። ልብ በል! ገንዘብን ሁሉ መስጠት ያልከበዳቸው ሰው፣ ቂማቸውን መስጠት ግን መለኮታዊ ትእዛዝ አስፈለጋቸው።

በ11ኛው ዓመተ ሒጅራ (632 እ.ኤ.አ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዚህ ዓለም ሲለዩ አቡ በክር ኸሊፋ ሆኑ። አያሌ ነገዶች እየሰገዱ ዘካን ከለከሉ። ዑመር እንኳ እነዚህን ለመውጋት አመነቱ፤ ኸሊፋው ግን በሰላትና በዘካ መካከል ልዩነት እንደማያደርጉ ቆርጠው ተናገሩ። የጥሬ ገንዘብ ዘካ ከ40 እጅ አንዱ ነው፤ እርሱም የባለጸጋው ቸርነት ሳይሆን በባለጸጋው እጅ የተቀመጠ የድኻው ሐቅ ነው።

እኒሁ ለድኻው ሐቅ ጦር ያዘመቱ ኸሊፋ፣ ከሹመታቸው በኋላም የጎረቤቶቻቸውን ፍየሎች እየሄዱ ያልቡ ነበር። ይህም ሰደቃ ነው። በ13ኛው ዓመተ ሒጅራ (634 እ.ኤ.አ.) ሞት በቀረበ ጊዜ በእጃቸው የተገኘው የሕዝብ ንብረት ለተተኪያቸው ለዑመር እንዲመለስ አዘዙ፤ በ63 ዓመታቸውም ወደ ጌታቸው ሄዱ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከሣጥንህ አስቀድመህ ልብህን መርምር። ያስቀየመህና አንተን የሚሻ አንድ ሚስጠሕ በዘመዶችህ መካከል አይጠፋም። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ እጅህን ዘርጋለት፤ የእምነትህ እውነት በዚያ ይታወቃልና። አላህ ሰደቃችንን ይቀበለን፤ አሚን።