ከመንበሩ አምስት ጊዜ የተባረረው አባት፦ ቅዱስ አትናቴዎስ ሐዋርያዊ

ምእመናን ሆይ! ጸሎተ ሃይማኖትን በደገምን ቁጥር ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን እንመሰክራለን አይደል? ይህች እምነት እንዳትፋቅ ብሎ አንድ አባት ስንት ጊዜ እንደተሰደደ ታውቃላችሁ? አምስት ጊዜ! ከ45 ዓመት ጵጵስናው 17ቱን ያህል ያሳለፈው ከመንበሩ ርቆ ነው።

በ325 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ) 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ አርዮስን ሲያወግዙ አትናቴዎስ ገና ዲያቆን ነበር፤ የሄደውም የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ እለ እስክንድሮስን ተከትሎ ነው። በ328 ዓ.ም. በመንበሩ ተተካ። መከራውም ያን ጊዜ ጀመረ።

ጠላቶቹ አርሳንዮስ የሚባል ጳጳስ ገድሎ እጁን ለአስማት ቆርጧል ብለው ከሰሱት። በ335 ዓ.ም. በጢሮስ ጉባኤ ላይ የሰው እጅ በሣጥን ይዘው ቀረቡ። ጉድ እኮ ነው! አርሳንዮስ አልሞተም፤ ተደብቆ ነበር፤ የአትናቴዎስ ሰዎች ፈልገው አገኙት። ቅዱሱም በካባ ተሸፋፍኖ እንዲገባ አደረገና ፊቱን ገልጦ ያውቁት እንደሆነ ጠየቃቸው። ቀጥሎ አንድ እጁን አሳየ፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛውን። ከዚያ ሦስተኛው እጅ ከየት እንደተቆረጠ ከሳሾቹ እንዲያስረዱ ጠየቀ።

ታዲያ ነጻ የወጣ መሰላችሁ? የለም፤ ጉባኤው ፈረደበት። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስም፣ ከግብፅ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚሄደውን እህል አስቀራለሁ ብሎ ዝቷል የሚል ሌላ ክስ ሰምቶ፣ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ትሪየር አጋዘው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ለጾም ያለው አሳብ ነው። ጾሙ መቼ እንደሚገባና ትንሣኤ መቼ እንደሚውል በየዓመቱ ለሕዝቡ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ዛሬ የምናነባቸውን 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት የዘረዘረውም በ367 ዓ.ም. በጻፈው በዚህ ዓይነት ደብዳቤ ነው። በሁለተኛው ስደቱ ሮም ሳለ እንኳ፣ ዓለም ሁሉ ሲጾም ግብፅ ብቻዋን ሳትጾም ቀርታ መሳቂያ እንዳትሆን፣ የ40ውን ቀን ጾም ለሕዝቡ እንዲያውጅ ወዳጁን ጳጳስ ሰራፕዮንን አሳስቧል። ተሰዶም ስለ መንጋው ጾም ይጨነቃል!

በ356 ዓ.ም. ደግሞ ሕዝቡ ሌሊት ለጸሎት ተሰብስቦ ሳለ ወታደሮች ቤተ ክርስቲያኑን ከበቡት። እሱ ከመንበሩ አልተነሣም፤ ዲያቆኑ መዝሙር እንዲያነብ፣ ሕዝቡም እንዲቀበል አዘዘ። በግርግሩ መካከል መነኮሳቱ ይዘውት ወጡ። ስድስት ዓመት ያህል በበረሃ ተሸሸገ።

ነገሩ እኛንም ይነካናል። ለአገራችን አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመው እሱ ነውና፣ የአርዮሳውያን ደጋፊ የነበረው የቆስጠንጢኖስ ልጅ ንጉሥ ቆንስጣንዲዮስ፣ አባ ሰላማ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ እንዲመረመር ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ጻፈ። አባቶቻችን ግን የአርዮስን ትምህርት አልተቀበሉም።

የመጨረሻው ስደቱ አጭር ነበር። በአባቱ መቃብር ቤት አራት ወር እንደተሸሸገ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም፤ በ373 ዓ.ም. በገዛ ከተማው፣ በመንጋው መካከል ዐረፈ። ግንቦት 7 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ ስሙን ትሰማላችሁ።