በዊንድሰር የተቀበረው የመቅደላ ልጅ

በአገራችን ሰው ሲሞት በአባቶቹ መቃብር አጠገብ ማረፉ ትልቅ ነገር ነው። በሩቅ አገር የሞተ እንደ ሆነ እንኳ አፅሙ እንዲመጣ ዘመዶቹ ይደክማሉ። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት፣ አባቱ በመቅደላ፣ እናቱ በትግራይ ጨለቆት፣ እርሱ ግን በእንግሊዝ አገር ስለ ተቀበረው ስለ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ለመጻፍ ወደድን። ሲሞት ዕድሜው የእኛው የዛሬው ዕድሜ ስለ ነበረ፣ ያለ አንቱታ ብንጽፍ አንባብያን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብን።

ዓለማየሁ ከዐፄ ቴዎድሮስና ከደጃዝማች ውቤ ልጅ ከእቴጌ ጥሩወርቅ በ1853 ዓ.ም. ተወለደ። ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀኖች ሲቀሩት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ አባቱም እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ ራሳቸውን ገደሉ። ጦሩ እናትና ልጁን ይዞ ወደ ባሕር ሲመለስ እቴጌይቱ ታመው በመንገድ አረፉ። እንግዲህ ልጁ አባትም እናትም ያጣው በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲያ አማርኛ የሚያውቅ፣ ቁመቱ እጅግ የረዘመ ሻምበል ስፒዲ የሚባል መኮንን ተረከበውና በመርከብ ወሰደው። ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ተቀብላ አየችው፤ ወደደችውም። በዚያው ዓመት የተነሣውን ፎቶግራፍ እኛም አይተነዋል። ዓይኖቹን ያየ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ስፒዲ ወደ ህንድ ሲሄድ ልጁን ይዞት ሄደ። ልጁም እንደ አባት ተጣበቀበት። ሆኖም መንግሥት ትምህርቱን በእንግሊዝ አገር እንዲማር ፈርዶ ለያያቸው። ይህ በእኛ አስተያየት ከመቅደላ ቀጥሎ የደረሰበት ሁለተኛው ሐዘን ነው። በራግቢ ትምህርት ቤት ከመጽሐፉ ይልቅ ጨዋታው ቀናው፤ በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤትም ደስታ አላገኘም። በመጨረሻ ሊድስ ከተማ በአንድ መምህር ቤት ሳለ በሳንባ ሕመም ተይዞ ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. ሞተ። ዕድሜው 18 ዓመት ነበረ።

ንግሥቲቱ አዝና በዊንድሰር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አስቀበረችው፤ በውስጡም የነሐስ ሰሌዳ አቆመችለት። በሰሌዳው ላይ ከማቴዎስ ወንጌል 25ኛው ምዕራፍ እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገረው ቃል ተቀርጿል። ሐዘኗን አንጠራጠርም። ነገር ግን ይህ እንግዳ በገዛ እግሩ መጥቶ በር እንዳላንኳኳ ሰሌዳው አይናገርም። የመቃብር ጽሑፍ የታሪክ ምስክር ነው ስንባል፣ ያስጻፈው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።

ኢትዮጵያ አፅሙ እንዲመለስ በ1999 ዓ.ም. ጠየቀች። በ2015 ዓ.ም. የቤተ መንግሥቱ ሰዎች፣ አፅሙን ማንሣት በዚያ ያረፉትን ሌሎች ሙታን ያውካል ብለው እንቢ አሉ። በ2016 ዓ.ም. የስፒዲ ዘሮች ያቆዩት የልዑሉ የፀጉር ዘለላ ለኢትዮጵያ ተሰጠ።