ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ባሕር ተሻግረው የወገን ድልድይ የዘረጉ አገልጋይ

ለኢትዮጵያ የዘመናዊነት ጉዞ መሠረት ከጣሉት ቀደምት ምሁራን መካከል አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አንዱ ናቸው። ሕዝቡ በይበልጥ የሚያውቃቸው በአውሮፓ የሕክምና ጥበብ የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም በመሆናቸው ነው። ይሁን እንጂ ከሕክምናው ባልተናነሰ ሊታወስ የሚገባው ሌላ ተግባር አላቸው። ይኸውም እ.ኤ.አ በ1927 ወደ አሜሪካ በተልዕኮ ተጉዘው በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ከአገራቸው ማዕድ የተገለሉ ጥቁር ባለሙያዎችን ለኢትዮጵያ ልማት የጋበዙበት ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ሌሎች ዓመቶችም በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጠቀሱ ናቸው።

ሐኪም ወርቅነህ ይህን ጥሪ ለማቅረብ የበቁት በአጋጣሚ አልነበረም። የመገለልን ምንነት የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳቸው ሕይወት ነው።

በ1865 ገደማ በጎንደር የተወለዱት ወርቅነህ የዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ መንግሥት በመቅደላ ሲወድቅ ገና ሕፃን ነበሩ። ሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ በተፈጠረው ትርምስ ከወላጆቻቸው ተለይተው ቀሩ። ቻምበርሌን የተባሉ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሕፃኑን አግኝተው ወደ ሕንድ ወሰዱት። እኚህ መኮንን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞቱ ማርቲን የተባሉ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ሸፈኑ። የጎንደሩ ልጅ ከሁለቱ አሳዳጊዎች ስም ተውጣጥቶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አደገ፤ የአባቱን ስም፣ የእናቱን ቋንቋና የአገሩን መልክ ሳያውቅ ለአካለ መጠን ደረሰ።

ወጣቱ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገብተው በ1882 ተመረቁ። ቆይተውም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ትምህርታቸውን አጠናከሩና በእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት በበርማ፣ በዛሬይቱ ማይንማር፣ በሐኪምነት ተመደቡ። ኑሯቸው የተደላደለ ነበር። ነገር ግን ለእንግሊዞቹ እንግሊዛዊ፣ ለሕንዶቹም ሕንዳዊ አልነበሩም። የሚያገለግሉበት ሥርዓት ሰውን በትውልድ ዘሩ ደረጃ የሚመድብ በመሆኑ እውቀታቸው ብቻውን የሁሉንም በር ሊከፍትላቸው አልቻለም።

በ1896 የዓድዋ ጦርነት ዜና በዓለም ሲናኝ በበርማ የነበሩት ሐኪም ልባቸው ወደ ትውልድ አገራቸው አዘነበለ። በ1899 አዲስ አበባ ገብተው ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፊት ቀረቡ። አማርኛ የማይችሉ በመሆናቸው የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። የጠፋው ልጅ መጥቷል የሚለው ወሬ በተሰማ ጊዜ አያታቸው ቀርበው በልጅነት በአካላቸው ላይ የቀሩትን ጠባሳዎች አይተው የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን አረጋገጡ። ቻርልስ ማርቲን ወርቅነህ እሸቴ የተባለውን ስማቸውን ያገኙት ያን ጊዜ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ባዕድ ሆነው የኖሩት ሰው የሚቀበላቸው ወገን ሲያገኙ ምን ያህል እንደሚለወጡ በራሳቸው አዩ። ይህ ልምድ ኋላ ለሠሩት ሥራ ሁሉ መነሻ ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በበርማና በኢትዮጵያ መካከል ሲመላለሱ ቆዩ። በ1908 ተመልሰው በእንግሊዝ ሌጋሲዮን በሐኪምነት ሲያገለግሉ በሕመም ላይ የነበሩትን አፄ ምኒልክን አክመዋል። ከወይዘሮ ቀጸላ ቱሉ ጋር ትዳር መሥርተው ብዙ ልጆች ያፈሩ ሲሆን፣ በ1919 ከእንግሊዝ መንግሥት ሥራ በጡረታ ተሰናብተው ኑሯቸውን በኢትዮጵያ አደረጉ። በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ዘመን ከተሰጧቸው ኃላፊነቶች መካከል የኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ዜጎች ክርክር የሚታይበት የልዩ ፍርድ ቤት ዳኝነት፣ እንዲሁም በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊነት ይገኙባቸዋል። በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አዘጋጅተውም ለአንባብያን አቅርበዋል።

በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ ፊት የተደቀነው ዐቢይ የኅብረተሰብ ጥያቄ የባርነት ጉዳይ ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታለች፤ በ1924ም ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ታውጇል። ሐኪም ወርቅነህ ነፃ ለወጡ ልጆች በተቋቋመው ትምህርት ቤት ሥራ ተሳትፈዋል። ሰው በአዋጅ ነፃ ቢባልም የሚኖርበት ሙያና የሚቀበለው ማኅበረሰብ ካላገኘ ነፃነቱ ሙሉ እንደማይሆን የተገነዘቡ ነበሩ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን ዘግይቶ በ1942 መሆኑን ልብ ይሏል።

የ1927ቱ የአሜሪካ ጉዞ ዋና ዓላማ የጣና ሐይቅ ግድብ ነበር። በወቅቱ የእንግሊዝ መንግሥት ለሱዳንና ለግብፅ የጥጥ እርሻ የሚሆን ውኃ ለማጠራቀም በጣና ላይ ግድብ እንዲሠራ ይፈልግ ነበር። በ1902 በተፈረመው ውል ኢትዮጵያ ያለ እንግሊዝ ስምምነት ውኃውን የሚያግድ ሥራ በዓባይና በጣና ላይ ላለመሥራት ተስማምታለች። በ1925 ደግሞ እንግሊዝና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ በግዛቷ ውስጥ በሚኖራቸው ጥቅም ላይ ደብዳቤ በመለዋወጣቸው መንግሥት ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤቱታ አቅርቧል። አልጋ ወራሹ ከዚህ ጫና ለመላቀቅ ፊታቸውን በአካባቢው ቅኝ ግዛት ወዳልነበራት አሜሪካ አዞሩ። ሐኪም ወርቅነህም ተልከው በኒውዮርክ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተደራደሩ። ጉዳዩ በኅዳር ወር 1927 በጋዜጣ ሲወጣ በለንደን ከፍተኛ መደናገጥን ፈጥሯል። የኩባንያው ባለሙያዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጥተው ሐይቁን ቢያጠኑም ግድቡ ሳይሠራ የኢጣሊያ ወረራ ደረሰ።

የሐኪም ወርቅነህ ተልዕኮ ግን በኩባንያ ጽሕፈት ቤት ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ወደ ሃርለም ዘልቀው ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኙ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁሮች በትምህርት ቤት፣ በባቡርና በሆስፒታል ከነጮች ተለይተው እንዲኖሩ በሕግ ይገደዱ ነበር። ሕጉ ባልነበረባቸው የሰሜን ከተሞችም ቢሆን በሥራና በመኖሪያ ቤት የሚደርሰው መድልዎ የከፋ ነበር። የተማረ ጥቁር ሐኪም በብዙ ሆስፒታሎች ለማከም አይፈቀድለትም፤ መሐንዲስ ሆኖ የተመረቀውም በሙያው የሚቀጥረው አያገኝም ነበር።

ለእነዚህ ሰዎች የኢትዮጵያ ስም እንግዳ አልነበረም። በሃርለም ከሚገኙት ታላላቅ የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ከ1808 ጀምሮ የአቢሲንያን ስም ይዞ የኖረ ነው። የማርከስ ጋርቬይ ማኅበርም በ1920 የተቀበለው መዝሙር ኢትዮጵያን የጥቁሮች ሁሉ አገር አድርጎ የሚያወሳ ነበር። በ1919 ደጃዝማች ናደውን፣ ብላታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴንና ከንቲባ ገብሩ ደስታን ያካተተው የኢትዮጵያ መልዕክተኛ ቡድን አሜሪካን በጎበኘ ጊዜም በጥቁሮች ዘንድ ታላቅ ደስታ ተፈጥሯል። ሐኪም ወርቅነህ በዚህ ላይ የጨመሩት ነገር ቢኖር ስሜቱን ወደ ተግባር የሚለውጥ ግብዣ ማቅረባቸው ነው። ኢትዮጵያ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ መካኒኮች፣ መምህራንና ገበሬዎች እንደምትሻ፣ እነዚህንም ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል ለመቀበል ፈቃደኛ መሆኗን አስረዱ።

የግብዣው መሠረተ ሐሳብ ቀላልና ጥልቅ ነበር። በአንድ ወገን እውቀት እያላቸው በቀለማቸው ምክንያት በር የተዘጋባቸው ሰዎች አሉ፤ በሌላ ወገን ነፃነቷን ጠብቃ የኖረች፣ ነገር ግን የባለሙያ እጥረት ያለባት አገር አለች። ሁለቱ ቢገናኙ አንዱ ክብሩን፣ ሌላው ልማቱን ያገኛል። ከዚህም በላይ ከአውሮፓ ኃያላን የሚመጣ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የመንግሥቱን ጥቅም ይዞ የሚመጣ በመሆኑ፣ ጥቁር አሜሪካውያንን መጋበዝ ለኢትዮጵያ ነፃነት ዋስትና እንደሚሆን የታመነበት ይመስላል።

ከዚህ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከአሜሪካና ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ጥቁሮች ወደ ኢትዮጵያ መግባት ጀመሩ። በ1930 የንግሥ በዓል ዋዜማ የባርባዶስ ተወላጅና የጋርቬይን ማኅበር መዝሙር የደረሱት አርኖልድ ፎርድ አዲስ አበባ ደረሱ። በ1931 የተከተሏቸው ሚኞን ኢኒስ ፎርድ ኋላ በአዲስ አበባ የልዕልት ዘነበወርቅን ትምህርት ቤት መሥርተው ብዙ ወጣቶችን ያስተማሩ መምህርት ናቸው። በ1935 የመጡት አውሮፕላን አብራሪ ጆን ሮቢንሰን የኢትዮጵያን አነስተኛ አየር ኃይል በመምራት በጦርነቱ ያገለገሉ ሲሆን፣ ከነፃነት በኋላ ዳግመኛ ተመልሰው አብራሪዎችን አሠልጥነው በ1954 በዚሁ በአዲስ አበባ አርፈዋል።

ይሁንና የመጡት ሁሉ የተመኙትን አላገኙም። የሚያርፉበት ቤት፣ የሚያርሱት መሬት፣ ሙያቸውን መዝግቦ የሚመድባቸው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ አልተዘጋጀም ነበር። ቋንቋው፣ የአየሩ ጠባይና የኑሮው ልማድ እንግዳ ሆነባቸው። በአገሬው ዘንድም ጥቁር ሆነው ሳለ እንደ ፈረንጅ የሚታዩበት ጊዜ ነበር። ከአርኖልድ ፎርድ ጋር ከመጡት አብዛኞቹ ወደነበሩበት ሲመለሱ እሳቸው ራሳቸው በ1935 በአዲስ አበባ ሞቱ። ከዚህ የምንማረው ግብዣ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። የተገለለን ሰው ና ብሎ መጥራት የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም፤ የመጣውን በሙያው የሚያሰልፍ ሥርዓትና እንደ ራሱ ሰው የሚያይ ጎረቤት ያስፈልጋል።

ሐኪም ወርቅነህ ይህን ችግር በተሰጣቸው የሥልጣን ክልል ለመፍታት ሞክረዋል። በ1930 የጨርጨር አገረ ገዥ ሆነው ሲሾሙ አካባቢው ለሌሎች ግዛቶች አርአያ እንዲሆን የታሰበ ነበር። በዛሬው ምዕራብ ሐረርጌ በምትገኘውና አሁን ጭሮ በምትባለው በአሰበ ተፈሪ ተቀምጠው መንገድ አሠርተዋል፤ የግብርና የአስተዳደር አሠራርን ለማስተካከል ጥረዋል፤ የተማሩ ወጣቶችንም በዙሪያቸው አሰባስበው አሠርተዋል።

በ1935 የኢጣሊያ ወረራ ሲጀመር ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ለኢትዮጵያ ለመዝመት የሚፈልጉ ሰዎች ከተለያዩ አገሮች ጥያቄ ሲያጎርፉ አብዛኞቹ በየአገሮቻቸው ሕግ ተከለከሉ። ሐኪሙ ግን ለቀይ መስቀል እርዳታ በማሰባሰብና የአገራቸውን አቤቱታ ለእንግሊዝ ሕዝብ በማሰማት ሌት ተቀን ደከሙ። በሃርለምና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ጥቁሮች ለኢትዮጵያ ገንዘብ ሲያዋጡና ሰልፍ ሲወጡ የታየውም በዚሁ ጊዜ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት የተዘራው የወዳጅነት ዘር በመከራ ቀን ፍሬ ካሳየባቸው ሥፍራዎች አንዱ ይህ ነበር።

የወረራው ግፍ የቤተሰባቸውንም ደጅ አንኳኳ። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው የነበሩ ሲሆን፣ የካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው አደጋ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ከገደሏቸው ወጣት ምሁራን መካከል ሆኑ። በመቅደላ ጦርነት ከወላጆቹ የተለየው ሕፃን በሽምግልናው ዘመን በሌላ ጦርነት ሁለት ልጆቹን አጣ። ሐኪም ወርቅነህ የስደቱን ዘመን በሕንድ አሳልፈው በ1942 ነፃ ወደ ወጣችው አገራቸው ተመለሱ። በ1952ም በአዲስ አበባ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የዛሬው ዘመን መልዕክተኞች ብዝኃነትን ስለማስተናገድ ለመመካከር ከአገር አገር ሲጓዙ ጉዳዩ አዲስ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዓለም ሰውን በቀለሙ በሚለይበት በዚያ የጨለማ ዘመን ሐኪም ወርቅነህ ውቅያኖስ ተሻግረው የተገፉትን ወገኖች ለሥራና ለክብር ጠርተዋል። ጥሪያቸው የተሟላ ውጤት ያላስገኘው ሐሳቡ ደካማ ስለነበረ ሳይሆን ተቀባዩ ቤት ስላልተሰናዳ ነው። እንግዳን ከመጥራት አስቀድሞ ቤትን ማሰናዳት እንደሚገባ የሚያስተምረው የእኚህ አባት የሕይወት ታሪክ ለአሁኑም ትውልድ ጥሩ ስንቅ ነው።