ቅዱስ አምብሮስዮስ ዘሚላን

አምብሮስዮስ እ.ኤ.አ. በ340 ገደማ በትሪየር ከተማ ተወለደ፤ አባቱም የጋልያ አገር ታላቅ እንደራሴ ነበረ። አባቱ ሲሞት ወደ ሮም ተመልሶ ሕግን ተማረ፤ በኋላም አገረ ገዥ ሆኖ በሚላን ተቀመጠ።

በ374 አርዮሳዊው የሚላን ጳጳስ አውክሰንድዮስ ሞተ። ሕዝቡ ስለ ተተኪው ተከፋፍሎ ሲከራከር ገዥው ሊያረጋጋ ገባ። በዚያም አንድ ሕፃን የእርሱን ስም ለጵጵስና ጠራ ይባላል፤ ሕዝቡም በአንድ ቃል ተቀበለው። እርሱ ገና ያልተጠመቀ ንኡሰ ክርስቲያን ነበርና ሸሸ፤ መሸሹ ግን አልጠቀመውም። ተጠምቆ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጳጳስ ሆነ። ወርቁንና ብሩንም ለቤተ ክርስቲያንና ለድሆች ሰጠ።

ጽኑ ፈተና የመጣበት በ386 ነው። የወጣቱ ንጉሥ የዋለንጥያኖስ እናት ዮስጢና የአርዮስን ትምህርት ትከተል ነበርና፣ ከከተማው አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ለወገኖቿ እንዲሰጥ ተጠየቀ። አምብሮስዮስ እንቢ አለ። ወታደሮች ቤተ ክርስቲያኑን ከበቡ፤ ሕዝቡም ከአባታቸው ጋር ለመሞት ቆርጠው በውስጥ ሰነበቱ። የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካም ከእነርሱ ጋር ነበረች።

ሕዝቡ በሐዘንና በድካም እንዳይዝል፣ እንደ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ልማድ መዝሙረ ዳዊትንና ውዳሴን እየተቀባበለ እንዲያዜም ያን ጊዜ ሥርዓት ተሠራ። በማኅሌት ግራና ቀኝ ሲቀባበሉ እያየ ላደገ የአገራችን ምእመን ይህ እንግዳ አይደለም፤ ለሚላን ሰው ግን አዲስ ነበር። በመጨረሻም ቤተ መንግሥቱ ሐሳቡን ተወ፤ ከበባው ተነሣ። ዜማው ግን በዚያው ጸና፤ ወደ ሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት ተዳረሰ።

ድርሰቶቹ ስምንት አርኬ ያላቸው ናቸው፤ አርኬው አራት ስንኝ፣ ስንኙም ስምንት ቀለም ነው። አጭር በመሆኑ ማንበብ የማይችል እንኳ በቃሉ ይይዘዋል። መናፍቃኑ ሕዝቡን በዜማ አፍዝዟል ብለው ከሰሱት፤ እርሱም አልካደም፤ ሁሉ በአንደበቱ ሥላሴን ማመስገኑ ከሁሉ የበረታ ኃይል መሆኑን መሰከረ። ምንባብ ሲነበብ ሕዝቡን ዝም ማሰኘት ድካም እንደ ሆነ፣ መዝሙር ሲዜም ግን ሁሉ አፉን ከፍቶ ሳለ ሁከት እንደሌለ ጽፏል፤ ይህን በደብር ያገለገለ ሁሉ ያውቀዋል።

በ387 በፋሲካ ሌሊት አውግስጢኖስ በእጁ ተጠመቀ፤ በዚያም ወራት ዜማውን ሲሰማ ያለቅስ ነበር። በዚያው ዓመት ሞኒካ በኦስትያ ስትሞት ግን ዕንባው ደረቀበት። ተኝቶ ሲነቃ የአምብሮስዮስ የሠርክ መዝሙር ትዝ አለው፤ ያን ጊዜ ለእናቱ አለቀሰ።

በስድስተኛው መቶ ዓመት አባ ቤኔዲክቶስ ለመነኮሳት ሥርዓት ሲሠራ ውዳሴውን በአምብሮስዮስ ስም ጠራው። በካቶሊክ ደብሮች ሕዝቡ ከመዘምራን ጋር የሚያዜምበት ልማድ ሲነሣ ስሙ አብሮ ይነሣል። ሚላንም እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራ ሥርዓተ ቅዳሴና ዜማ አላት።

በ397 በዕለተ ስቅለት ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ እጆቹን በመስቀል አምሳል ዘርግቶ ጸለየ። ከንፈሮቹ ሲንቀሳቀሱ ይታዩ ነበር፤ ድምፁ ግን አይሰማም ነበር። በቀዳም ሥዑር፣ ሚያዝያ 4 ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዐረፈ።