ማቲው አርኖልድ፦ የ35 ዓመታት የትምህርት ቤት ኢንስፔክተር

እንግሊዛዊው ማቲው አርኖልድ በዓለም ዘንድ ይበልጥ የሚታወቁት በገጣሚነታቸውና በሐያሲነታቸው ነው። መተዳደሪያቸው ግን የትምህርት ቤት ኢንስፔክተርነት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1822 የተወለዱት አርኖልድ አባታቸው የራግቢ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። በ1851 የመንግሥት ኢንስፔክተር ሆነው የተቀጠሩት ትዳር ለመመሥረት የሚያስችል ደመወዝ ፈልገው ሲሆን፣ በሥራው ላይ እስከ 1886 ቆይተዋል። በእነዚህ ዓመታት በርካታ የድሃ ልጆች መማሪያዎችን ተዘዋውረው ተመልክተዋል።

መንግሥት በ1862 ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ድጎማ፣ ተማሪዎች በኢንስፔክተሩ ፊት በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ከሚያስመዘግቡት ውጤት ጋር የሚያያይዝ ደንብ አወጣ። ተማሪ በአንዱ ትምህርት በወደቀ ቁጥር ከትምህርት ቤቱ ገንዘብ ይቀነሳል። አርኖልድ ደንቡ እየተመከረበት ሳለ፣ ስማቸውን ሳይገልጹ፣ የራሳቸውን መሥሪያ ቤት አቋም የሚተች ጽሑፍ በመጽሔት አሳተሙ። ከሥራ ሊያስወጣቸው የሚችል ድፍረት ነበር።

ደንቡ ከጸደቀ በኋላም ዝም አላሉም። ልጆች በብልሃት ከተዘጋጁ፣ ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት በትክክል ሳይችሉ ፈተናውን ማለፍ እንደሚችሉ በይፋ ሪፖርታቸው አስታወቁ። የንባብ መጽሐፉን ሸምድዶ የሚወጣ ተማሪ አላፊ ተብሎ ይመዘገባል፤ የተመዘገበው ቁጥር ያምራል፣ የክፍሉ የማሰብ ሕይወት ግን ይደክማል። ለገንዘብ ሲባል የሚካሄድ ቁጥጥር፣ ሊመዝነው የመጣውን ትምህርት ራሱን እንደሚለውጠው ያዩት በየክፍሉ ተገኝተው ነው።

አርኖልድ በ1888 ሊቨርፑል ውስጥ በድንገት አረፉ። በውጤት የመክፈሉ አሠራር የቀረው ከዚያ በኋላ፣ በ1890ዎቹ ነበር።