ቀለምን መድኃኒት ያደረገ ሰው፤ የዶክተር ፓውል ኤርሊክ የሕይወት ታሪክ

ሐኪም ለበሽተኛ መድኃኒት ሲሰጥ ሁለት ነገር ይፈራል። አንደኛው መድኃኒቱ በሽታውን ሳይነካው እንዳይቀር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በሽታውን አጠፋለሁ ሲል በሽተኛውን እንዳያጠፋው ነው። ጠላትን ከወዳጅ የማይለይ መድኃኒት ከመርዝ ብዙም አይሻልም። ይህን ነገር የዕድሜ ልክ ጥያቄው አድርጎ የያዘ አንድ ሰው በጀርመን አገር ነበረ፤ ስሙም ፓውል ኤርሊክ ይባላል። በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የእርሱን ታሪክ ለመጻፍ የመረጥነው፣ ታላቁ ሥራው ሁሉ ገና ተማሪ ሳለ ካደረበት ከአንድ ሐሳብ የተነሣ ስለ ሆነ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤርሊክ በማርች 14 ቀን 1854 ዓ.ም. በሲሌዝያ ክፍለ አገር ሽትሬለን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በፕሩሲያ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ ግን በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። ወላጆቹ አይሁድ ነበሩ። በብሬስላው ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲማር በሒሳብና በላቲን ቋንቋ ጎበዝ ሲሆን፣ ድርሰት መጻፍ ግን እጅግ ይከብደው ነበር። ከዚህም በኋላ በብሬስላው፣ በሽትራስቡርግ፣ በፍራይቡርግና በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲዎች እየተዘዋወረ የሕክምና ትምህርት ተማረ።

በዚያ ዘመን የአውሮፓ ፋብሪካዎች ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ልዩ ልዩ የጨርቅ ማቅለሚያዎችን ማውጣት ጀምረው ነበር። ካርል ቫይገርት የተባለው የኤርሊክ የእናቱ ወገን ዘመድ እነዚህን ቀለሞች ለምርምር ይጠቀምባቸው ስለ ነበረ፣ ወጣቱ ኤርሊክ ሙያውን ከእርሱ አየ። ከእንስሳ አካል በጣም ስስ ሆኖ የተቆረጠ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብርሃን ያሳልፋልና ብዙ ነገር አይለይበትም። ቀለም ሲነካው ግን የተሰወረው ሁሉ ይገለጣል። እናቶቻችን ለስፌት የሚሆን አለላ ሲነክሩ ሣሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ይዞ ይወጣል። በሕያዋን አካል ላይ የሚሆነው ግን እንደዚህ አይደለም፤ አንዱ ቀለም የሕዋሱን እምብርት ይመርጣል፣ ሌላው ቀለም እምብርቱን ትቶ በዙሪያው ያለውን ይይዛል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም አልፎ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ሌሎች ተማሪዎች በዚህ ተጠቅመው የአካልን ቅርጽ ሲያጠኑ፣ ኤርሊክ ግን ቀለሙ ለምን እንደሚመርጥ መጠየቅ ጀመረ።

ይህ ጥያቄ መደበኛ ትምህርቱን እስኪያስረሳው ድረስ ያዘው። ጠረጴዛው ሁሉ በሰማያዊና በቀይ ቀለም ተጨማልቆ ይታይ ነበር። ታላቁ ሐኪም ሮበርት ኮኽ ብሬስላውን በጎበኘ ጊዜ፣ ይህን ወጣት ያሳየው ሰው በማቅለም ሥራ ጎበዝ መሆኑን ነግሮት፣ ፈተናውን ግን የሚያልፍ አይመስለኝም እንዳለው ይተረካል። ኤርሊክ ግን ፈተናውን አለፈ። በ1878 ዓ.ም. በላይፕሲግ የዶክተርነት ማዕረግ ሲቀበል፣ ያቀረበው የምርምር ጽሑፍም ስለዚሁ ስለ ቀለም ነበር። ዛሬ የሕክምና ተማሪዎች ሁሉ የሚያውቁትን ማስት ሴል የተባለውን ሕዋስ ለይቶ ስም የሰጠው እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ በበርሊን ሻሪቴ በተባለው ታላቅ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። እዚያም የደም ጠብታ በመስታወት ላይ በስሱ አሰጥቶ፣ በሙቀት አድርቆ፣ በልዩ ልዩ ቀለሞች እያቀለመ ነጭ የደም ሕዋሳት አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ አሳየ። ዛሬ በሆስፒታል የደም ምርመራ ሲደረግ ነጭ ሕዋሳት በየዓይነታቸው ተለይተው የሚቆጠሩት ኤርሊክ በጣለው መሠረት ላይ ነው።

በማርች 24 ቀን 1882 ዓ.ም. ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ማግኘቱን በበርሊን ሲያስታውቅ ኤርሊክ በጉባኤው ውስጥ ነበረ። ወዲያውም ባክቴሪያው ይበልጥ ጎልቶ የሚታይበትን የማቅለም ዘዴ ፈለገ። የነቀርሳ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ ቀለም ከያዘ በኋላ በአሲድ ቢታጠብም እንደማይለቅ፣ በዙሪያው ያለው ሌላው ነገር ግን እንደሚለቅ አስተዋለ። ሌሎች ሊቃውንት ይህን ዘዴ አሻሽለውት በዓለም ሁሉ ተስፋፋ፤ በአገራችንም በሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች አክታ እየቀለመ ለብዙ ዓመታት የተመረመረው ከዚሁ በተገኘ ዘዴ ነው። ኤርሊክ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ እርሱ ራሱ በዚህ በሽታ ተያዘ። ስለዚህም ባለቤቱን ሄድቪግን ይዞ አየሩ ደረቅ ወደ ሆነው ወደ ግብፅ አገር ሄደ። በ1889 ዓ.ም. ድኖ ሲመለስ ሥራውን ለቅቆ ስለ ነበረ፣ በአነስተኛ የግል ላቦራቶሪ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ዲፍቴሪያ የሚባለው ጉሮሮ የሚያፍን በሽታ ብዙ ሕፃናትን ይገድል ነበር። ኤሚል ቤሪንግና ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ የበሽታው መርዝ በጥቂት በጥቂቱ ከተሰጠው እንስሳ ደም ውስጥ መርዙን የሚያከሽፍ ነገር እንደሚገኝ በ1890 ዓ.ም. ገልጸው ነበር። ችግሩ ግን ሴረሙ አንድ ጊዜ ብርቱ፣ ሌላ ጊዜ ደካማ እየሆነ ሐኪሙ ምን ያህል እንደሚሰጥ የማያውቅ መሆኑ ነው። ሚዛን የሌለው መድኃኒት ማለት ይህ ነው። ኤርሊክ የሴረሙን ኃይል የሚለካበትን ሥርዓትና መለኪያ አወጣለት። ከዚያ በኋላ በአንድ ከተማ የሚሰጠው ሴረም በሌላው ከተማ ከሚሰጠው ጋር የሚተካከል ሆነ፤ ሐኪሞችም በልበ ሙሉነት ለሕፃናቱ ይሰጡ ጀመር።

ይህ ሥራ ወደ ቀድሞው ጥያቄው መለሰው። መርዝ አንዱን ሕዋስ ይዞ ሌላውን የሚተወው፣ ቀለምም አንዱን መርጦ ሌላውን የሚያልፈው በሕዋሱ ላይ የሚቀበለው ነገር ስላለ ነው ብሎ አሰበ፤ መክፈቻ ከገዛ ጓጉንቸሩ በቀር ሌላውን እንደማይከፍት ማለት ነው። ከዝርዝሩ ብዙው በኋላ ዘመን ታርሟል፤ በሕዋስ ላይ ተቀባይ አለ የሚለው ዋናው ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ የሕክምና ትምህርት ምሰሶ ነው። ከዚህም ተነሥቶ ኤርሊክ እንዲህ ሲል ደመደመ፤ ቀለም ባክቴሪያውን ለይቶ የሚይዝ ከሆነ፣ ባክቴሪያውን ብቻ ለይቶ የሚገድል መድኃኒት መሥራት ይቻላል። ይህን መድኃኒት ዒላማውን ከማይስት ጥይት ጋር ያመሳስለው ነበር። በ1891 ዓ.ም. ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ለሁለት የወባ በሽተኞች በመስጠት ሞከረው። ቀለሙ ከኪኒን የሚበልጥ ሆኖ ባይገኝም፣ ቀለም መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ታየ።

በ1899 ዓ.ም. የሚመራው የምርምር ተቋም ወደ ፍራንክፈርት ከተማ ተዛወረ። በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ፍራንሲስካ ሽፓየር የተባለች ባለጸጋ ሴት በሞተ ባሏ በጌዮርግ ሽፓየር ስም ለዚሁ ምርምር የሚሆን ቤት አሠራችለት። ኤርሊክ በየቀኑ ለረዳቶቹ የሚሠሩትን በባለ ቀለም ወረቀት ላይ እየጻፈ ያድል ነበር። የሥራ ክፍሉ ወንበሩ ሳይቀር በመጻሕፍትና በወረቀት ስለሚሞላ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጥበት ቦታ ይጠፋ ነበር ይባላል። በ1904 ዓ.ም. ከጃፓናዊው ኪዮሺ ሺጋ ጋር በመሆን ትሪፓኖሶም የተባሉትን ረቂቅ ተሐዋስያን በአይጥ ውስጥ የሚገድል ቀይ ቀለም አገኘ። በአፍሪካ በሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታን፣ በአገራችንም በከብት ላይ ገንዲ የሚባለውን በሽታ የሚያመጡት የዚሁ ወገን ተሐዋስያን ናቸው። ኤርሊክና ረዳቶቹ በዚህ ምርምር ሌላም ነገር አዩ፤ መድኃኒቱ ሳይገድላቸው የቀሩት ተሐዋስያን መድኃኒቱን እየለመዱት ሄዱ። ይህ ነገር ዛሬ ዓለምን ሁሉ የሚያሳስብ ጉዳይ ሆኗል።

በ1905 ዓ.ም. ቂጥኝን የሚያመጣው ስፓይሮኬት በሁለት ጀርመናውያን ሊቃውንት ተገኘ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ለቂጥኝ ይሰጥ የነበረው ባዜቃ ነበር፤ እርሱም ጥርስ የሚያረግፍና ኩላሊት የሚጎዳ ነው። ኤርሊክ አርሴኒክ ካለበት ንጥረ ነገር ተነሥቶ መድኃኒት ሊፈልግለት ቆረጠ። አርሴኒክ የታወቀ መርዝ ነውና ሥራው መርዝነቱን በሽተኛው ላይ አብርዶ በበሽታው ላይ ማጽናት ነበር። አልፍሬድ በርትሃይም የተባለው ኬሚስት የንጥረ ነገሩን አሠራር ጥቂት ጥቂት እየለወጠ ብዙ መቶ ዓይነት ሠራ፤ እያንዳንዱም በቁጥር ተመዝግቦ በእንስሳት ተፈተነ። ቁጥሩ 606 የሆነው በ1907 ዓ.ም. ተሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን አይጠቅምም ተብሎ በመደርደሪያ ላይ ቀረ። በ1909 ዓ.ም. ሳሃቺሮ ሃታ የሚባል ሐኪም ከጃፓን መጣ። ኤርሊክ የተጣሉትንም ሳይቀር እንደ ገና በቂጥኝ በታመሙ ጥንቸሎች እንዲፈትን ነገረው። ሃታ በትዕግሥት አንድ በአንድ ሲፈትን 606 ላይ ሲደርስ የጥንቸሎቹ ቁስል ዳነ፤ ስፓይሮኬቱም ጠፋ።

በ1910 ዓ.ም. በቪስባደን ከተማ በተደረገው የሐኪሞች ጉባኤ ይህ ነገር በተገለጸ ጊዜ ከየአገሩ ሐኪሞች መድኃኒቱን እየለመኑ መጡ። ኤርሊክ ግን በጥንቸል የታየው በሰው ላይ እስኪረጋገጥ ድረስ ለገበያ እንዲወጣ አልፈቀደም። ወደ 65,000 የሚሆን መጠን ለሐኪሞች በነጻ ታደለ፤ እነርሱም የሆነውን ሁሉ ጽፈው እንዲልኩለት ጠየቀ። መድኃኒቱ ሳልቫርሳን ተብሎ በሽያጭ የወጣው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው።

የደስታው ዘመን ግን ከመከራ ጋር የተቀላቀለ ነበር። ሳልቫርሳን አየር ሲነካው የሚበላሽ በመሆኑ በታሸገ ጠርሙስ ይቀመጥ ነበር፤ በንጹሕ የተጣራ ውኃ በጥንቃቄ ካልተበጠበጠም አደጋ ያመጣ ነበር። ብዙዎች ሲድኑ አንዳንዶች ተጎዱ፤ የሞቱም ነበሩ። ጉዳቱ አንዳንድ ጊዜ ካሰጣጡ ጉድለት፣ አንዳንድ ጊዜም ከመድኃኒቱ ከራሱ ነበር። ኤርሊክ ይህን አልሸሸገም። የተጎዳ በሽተኛ ወሬ በደረሰው ቁጥር ስለ አሰጣጡና ስለ መጠኑ እየጠየቀ ምክንያቱን ይመረምር ነበር። በ1912 ዓ.ም. በውኃ ለመበጥበጥ የሚቀልና ጉዳቱ ያነሰ ሌላ መድኃኒት ኒዮሳልቫርሳን በሚል ስም አወጣ። ጠላቶቹ ግን ለገንዘብ ሲል በሰው ሕይወት ይቀልዳል እያሉ በጋዜጣ ስሙን ያጠፉ ነበር፤ አይሁዳዊ በመሆኑም የሚጠሉት ነበሩ። በ1914 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ኤርሊክ በምስክርነት ቆመ፤ ስም ያጠፋውም ሰው ተፈረደበት።

ኤርሊክ በ1908 ዓ.ም. ከሩስያዊው ኢልያ ሜችኒኮፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል፤ ይህም ስለ ሳልቫርሳን ሳይሆን አካል በሽታን ስለሚከላከልበት መንገድ ባደረገው ምርምር ነው። ጤናው እየደከመ ሄዶ በኦገስት 20 ቀን 1915 ዓ.ም. በባድ ሆምቡርግ በ61 ዓመቱ አረፈ፤ በፍራንክፈርትም በአይሁድ መቃብር ተቀበረ። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የናዚ መንግሥት በስሙ የተሰየመውን መንገድ ስሙን ለወጠው፤ ባለቤቱም አገሯን ጥላ ተሰደደች። ከጦርነቱ በኋላ ግን ስሙ ተመለሰለት። ይመራው የነበረው ተቋም ዛሬ የፓውል ኤርሊክ ተቋም ተብሎ ክትባትና ሴረም ይቈጣጠራል፤ ጀርመንም ዩሮን ከመቀበሏ በፊት መልኩን በ200 ማርክ ኖት ላይ አትማ ነበር።

ሳልቫርሳን ራሱ ዛሬ አይሰጥም፤ ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ፔኒሲሊን ተተክቶበታል። የኤርሊክ ሐሳብ ግን አላረጀም። ዛሬ ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች የሚሰጡ መድኃኒቶች የታመመውን ሕዋስ በላዩ ካለው ምልክት ለይተው እንዲይዙ ሆነው ይሠራሉ፤ ጤነኛውን ሕዋስ ፈጽሞ የማይነካ መድኃኒት ግን ገና አልተገኘም፤ ፍለጋውም አላበቃም።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ታሪክ የምንማረው ጽናትን ብቻ አይደለም። ብዙ ሰዎች በጽናት ሠርተው መርዝ ብቻ አግኝተዋል። ኤርሊክ ከእነርሱ የሚለየው አይጠቅምም የተባለውን እንደ ገና በማስፈተኑ፣ ያገኘውንም መድኃኒት በፈወሳቸው ሰዎች ብቻ ሳይሆን በጎዳቸውም ሰዎች በመመዘኑ ነው። ከመካከላችን ነገ ሐኪም፣ ኬሚስት ወይም መምህር የሚሆን ሁሉ ሥራውን በዚህ በሁለት ወገን ሚዛን ቢመዝን፣ ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን የደከሙልን ድካም በከንቱ አይቀርም።