ጆ ዛዊኑል፦ ዜማዎቹ ከስሙ ቀድመው የታወቁለት ፒያኒስት

የጃዝ ፊውዥን ታላቅ ባለሟል ጆ ዛዊኑል እንደ አውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ሐምሌ 7 ቀን 1932 በኦስትሪያ መዲና ቪየና ተወለደ። ሙዚቃን በአኮርዲዮን ጀምሮ ወደ ፒያኖ የተሻገረው ይህ ሰው በ1959 ወደ አሜሪካ አቀና።

በዚያም ድምፃዊቷን ዳይና ዋሽንግተንን ካጀበ በኋላ፣ በ1961 የሳክስፎኒስቱን የካነንቦል አደርሌይን ቡድን ተቀላቀለ። በ1966 ደርሶ በኤሌክትሪክ ፒያኖ የተጫወተው «መርሲ፣ መርሲ፣ መርሲ» ለቡድኑ ከፍተኛ ተወዳጅነትን አስገኘ፤ ዝናው ግን በአብዛኛው የአደርሌይ ነበር።

በ1969 ደግሞ ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ የዛዊኑልን «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ» ቀረጸ፤ አልበሙንም በዚሁ ድርሰት ሰየመው። ይሁን እንጂ ዴቪስ ደራሲው የጻፋቸውን ኮርዶች አብዛኞቹን አስወግዶ ዜማውን ብቻ አስቀረ። ቅጂው ከጃዝ ፊውዥን መነሻዎች አንዱ ተብሎ ቢወደስም፣ ዛዊኑል በለውጡ አልተደሰተም። በ1971 በስሙ በወጣው አልበም ድርሰቱን መጀመሪያ እንዳሰበው አድርጎ አቀረበው።

ሐሳቡን በራሱ መንገድ የማሰማት ዕድል ያገኘው በ1970 ከዌይን ሾርተርና ከሚሮስላቭ ቪቶሽ ጋር በመሠረተው «ዌዘር ሪፖርት» ነው። ቤዝ ጊታሪስቱ ጃኮ ፓስቶሪየስ በተሳተፈበት የ1977ቱ «ሄቪ ዌዘር» አልበም ውስጥ፣ በሲንተሳይዘር ያቀነባበረው «በርድላንድ» ከጃዝ አፍቃሪያን አልፎ ሰፊ አድማጭ አገኘ።

በ1991 የማሊያዊውን ድምፃዊ የሳሊፍ ኬይታን «አሜን» አልበም ፕሮዲዩስ አደረገ። መስከረም 11 ቀን 2007 በተወለደባት ቪየና፣ በ75 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።